እትዬ ዘሐራና የፈረቃው ባለቤት

ጣርማ በር ላይ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ጆሮዬ ይደፈናል። የዚያን ቀንም ተደፍኖ ስለነበር፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችውን የሽንኩርት ነጋዴ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሸዋሮቢት ስሠራ የማውቃት ሴት ናት።

«እትዬ ዘሐራ አረፉ እኮ ነው የምልህ። አልሰማህም እንዴ?»

«የትኛዋ እትዬ ዘሐራ?» አልኩ፤ እያወቅሁ።

«የውሃ አባታችን ናቸዋ! ሌላ ማን አለ? ባለፈው ጁምዓ ቀበርናቸው። ታመውም አልሰነበቱ።»

ተናደድኩ። ማልቀስ በሚገባኝ ሰዓት መናደድ የቆየ አመሌ ነው። ስንት በጋ አብሬያቸው ቦይ ለቦይ የተንከራተትኩ ሰዎች አንድ ስልክ መደወል እንዴት ያቅታቸዋል? ለነገሩ እኔስ ደብረ ብርሃን ከተዛወርኩ ወዲህ ለማን ደወልኩ? ንዴቴ ደብረ ሲናን ሳናልፍ በረደ። ወርደን ወርደን ያ የቆላ ሙቀት በመስኮቱ ሲገባ ግን ዕንባዬ መጣ። «መጣህ አንተ ደገኛ? ካፖርትህን የት ጣልከው?» እያሉ የሚያሾፉብኝ ነገር ትዝ አለኝ።

የውሃ አባት ማለት በመስኖ ቦይ ላይ የውሃ ተራ የሚዳኝ ሰው ነው። ሴትም ብትሆን ስሙ ያው ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ከላይ እስከ ታች የስንቱን ማሳ እያጠጣ ይወርዳል፤ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ማንጎው ሁሉ የሚያድረው በእሱ ነው። ሌላ ቦታ ዳኛ የሚመረጠው በሽበቱ ወይም በአንደበቱ ይሆናል። በእነሱ ቦይ ግን ደንቡ አንድ ነው፤ የውሃ አባት የሚሆነው እርሻው ቦዩ ጭራ ላይ ያለው ገበሬ ነው። ከላይ ያለው አንድ ሰው ተራውን አሳልፎ ውሃ ከያዘ መጀመሪያ የሚደርቀው የጭራው ማሳ ነውና፣ እንዲህ ያለ ዳኛ ዓይኑን አይከድንም።

የእትዬ ዘሐራ ባል የውሃ አባት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ ሽማግሌዎቹ «ሴት እንዴት ቦይ ለቦይ ትዞራለች?» ብለው አመነቱ። እትዬ ዘሐራም ስብሰባው መሐል ገብተው «የምትሾሙት ጺም ነው ወይስ እርሻ?» አሏቸው። እርሻው ጭራ ላይ ነበርና አፋቸውን ያዙ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሲነግሩኝም ኩራታቸውን አልደበቁም። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ፀሐይ የጠገበ ሴት ነበሩ። ጥቁር ጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ዘርግተው ሲጠለሉበት ግን አይቼ አላውቅም። ሰው የሚጠቁሙበት፣ የቦይ ጥልቀት የሚለኩበት፣ ሲያስፈልግም የሰነፍ ትከሻ ቸብ የሚያደርጉበት ነበር። ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ ይጫወታሉ፣ በአማርኛ ይዳኛሉ፤ በጣም ሲቆጡ ደግሞ ከአያታቸው የቀረች አርጎብኛ ታመልጣቸዋለች። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ተወው፣ ለአንተ ጆሮ አይሆንም» ይሉኛል። ከባድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ አስቀድመው ይስቃሉ። ያንን ሳቅ ስሰማ ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ የሆነው እንዲገባችሁ። ከተማው ውስጥ ዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት የሚሸጥ አፉ የማያርፍ ነጋዴ ነበር። «ሴት የዳኘችው ውሃ ሽቅብ ይፈሳል» እያለ ሱቁ ውስጥ ሲቀልድ እሳቸውም ሰምተውታል። ዘር የሚገዙት ግን ከእሱው ነው።

«እንዴት ከዚህ ባለጌ ይገዛሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዘሩ ይበቅላላ! ዘሩን ነው የገዛሁት እንጂ እሱን አላገባሁት» አሉኝ። ይህንኑ በሚቀጥለው ገበያ ሱቁ ድረስ ሄደው ደገሙለት። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ነጋዴውም ወዶ ሳይሆን ሳቀ።

ፈረቃ የሚባለውን ፕሮግራም ያመጣሁት እኔ ነኝ። የወረዳው የመስኖ ባለሙያ ነበርኩና አንድ ሥልጠና ላይ አይቼ ወደድኩት። አዲስ አበባ ያለ ጎበዝ ወጣት የሠራው ነው፤ ስሙን አልጠራም። የገበሬውን ስም፣ የማሳውን ስፋትና የስልኩን ቁጥር ታስገባለህ። ፕሮግራሙ የወንዙን መጠን አይቶ ተራ ያወጣና ለእያንዳንዱ ሰው በስልኩ መልእክት ይልካል። «ተራዎ ደርሷል፣ በዚህ ሰዓት ይክፈቱ፣ በዚህ ሰዓት ይዝጉ» ይላል። ወንዙ ሲቀንስ የሁሉንም ተራ እኩል ያሳጥራል።

«ይሄ ሒሳብ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ እትዬ ዘሐራ።

«ኢንተርኔት ላይ ነው። እዚህ የለም፤ ባለቤቱ ዘንድ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብለው ሳቁብኝ። ግን ሞከሩት፤ አዲስ ነገር የሚፈሩ ሰው አልነበሩም። ደግሞም ሠራ። ዶማ ይዞ ቦይ ላይ መፋጠጥ ቀረ። ውሃው ሳይቆራረጥ ጭራው ድረስ ደረሰ። እሳቸውም በዚያ ፀሐይ ሽቅብ ቁልቁል ማለቱ ቀረላቸውና «ወላሂ እግሬ አረፈ፤ የወለደችው እናት ትባረክ» ብለው ያላዩትን ልጅ መረቁት። እኔማ በደስታ መሬት አልበቃኝም።

በሁለተኛው በጋ፣ ሽንኩርቱ ገና ራስ መያዝ ሲጀምር፣ አንድ ቪዲዮ መጣ። የፈረቃው ባለቤት ከጓደኞቹ ጋር በቀጥታ ሥርጭት እየተጫወተ ነው። ሻይ ይጠጣል፣ ይስቃል። ወሬው ወደ እኛ ቆላ ዞረና፣ እዚያ ካለው ሰው ግማሹ መጤ ነው፣ መሬቱን ለባለቤቱ ለቆ መውጣት አለበት አለ። የትኛውን ግማሽ እንዳለ አልጽፍም። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ባያውቀው ይሻለዋል። እትዬ ዘሐራ ከተባሉት ወገን መሆናቸውን ብቻ ልናገር። የአያት የቅድመ አያታቸው መቃብር ከእርሻቸው ጎን ነው።

በማግስቱ ቪዲዮውን ያላየ ሰው ቦዩ ላይ አልነበረም። የፈረቃ መልእክት ደግሞ እንደ ወትሮው በሰዓቱ መጣ። አንድ ገበሬ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «በዚህ በኩል አቶ እያለ ይጠራኛል፤ በዚያ በኩል ውጣ ይለኛል። የቱን ልመን?» አለኝ። ውሃውንም ሳይከፍት ተራውን አሳለፈ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤታሞች የቦዩ ውሃ መዝጊያ ላይ ዶማ ይዘው ተፋጠጡ። «ለእናንተማ ይጨምርላችኋል! ወገኑ ናችሁዋ!» ይላል አንደኛው። ያኛውም ስድብ አልጎደለበትም። የዚያ አገር ሰው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስንት ደም እንዳየ የሚያውቅ ሰው ያ ዶማ ለቦይ ብቻ እንዳልተነሳ ይገባዋል።

የሁሉንም ሰው ተራ አወጣሁና ከማሳቸው ስፋት ጋር አስተያየሁ። የተሰረቀ ውሃ የለም። ለማንም አልተጨመረም፣ ከማንም አልተቀነሰም። ሄጄ ስነግራቸው «አንተ ነህ ያመጣኸው፤ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?» አሉኝ።

እትዬ ዘሐራ ሰዉን ቦዩ ዳር ካለው ሾላ ሥር ሰበሰቡ። ሁለቱ ወገን ለየብቻ ተቀመጠ፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ተካ ናቸው። እርሻቸው ቦዩ አፍ ላይ ነው፤ ወገናቸውም ካልተሰደበው ነው፤ ደግ ሰው ናቸው።

«ልጁ ባለጌ ነው» አሉ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኔም አላሽለትም። ግን የሰውን ሆድ እያየን ዕቃ የምንመርጥ ከሆነ ምን ይቀረናል? ፓምፑን የሠራው ሰውዬ ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ ማን ጠየቀው? ስልኩን የሠራውስ? ሽንኩርቱ ራስ እየያዘ ነው። አሁን ውሃ ከተዛባበት አለቀለት።»

በልቤ ይዤው ያደርኩት ይሄንኑ ነበርና እኔም ተነሳሁ። «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ ዘሩን ነው የገዛሁት እንጂ ነጋዴውን አላገባሁትም ብለውኝ አልነበር?»

ሳቁ።

«ብያለሁ። ዘሩ እኮ ቤቴ ሲገባ ከነጋዴው ጋር ተፋቷል። ነጋዴው ሱቁ ሆኖ ቢሰድበኝ፣ መሬት የገባው ዘር አይሰማውም። ፓምፑም እንደዚያው ነው፤ የሠራው ሰውዬ ስሜንም አያውቅ። ይሄ ፈረቃህስ? ከባለቤቱ ተፋቷል?»

አቶ ተካን አየሁ።

«መልስልኛ!»

«አልተፋታም» አልኩ። «ሒሳቡ እሱ ዘንድ ነው። እዚያው ሆኖ ያስተካክለዋል።»

«ተራዬን ማሳጠር ይችላል?»

«ቢፈልግ ይችላል። ግን አላደረገውም፤ አይቼዋለሁ።»

«አላደረገውም። አምኜሃለሁ» አሉና ጥላቸውን ወደ አቶ ተካ አዞሩ። «ተካም እርሻው ቦዩ አፍ ላይ ነው። ውሃ ሰርቆ ያውቃል?»

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ አቶ ተካ። ሰዉ ከሁለቱም ወገን ሳቀ።

«አልሰረቀም። ታዲያ ለምን የውሃ አባት አላደረግነውም?»

ሳቁ ቆመ።

«ሌባ ስለሆነ አይደለም። ተካን ብንሾመው ውሃ ባነሰ ቁጥር ዓይናችን እሱ ላይ ያርፋል። ቢምል ቢገዘት ያርፋል። አባቶቻችን ጎረቤት ጎረቤቱን በክፉ ዓይን እንዳያይ ብለው ነው ዳኛውን ጭራ ላይ ያስቀመጡት። ይሄ ልጅ ግን ከቦዩ አፍም በላይ ነው ያለው። የእኛ ማሳ ቢደርቅ እሱን ምን ይጠማዋል? ይሄ ነገር ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት፤ እግሬ አርፎ ነበራ! አሁን አፉን ሲከፍት አየሁት።»

«እና እንተወው ነው የሚሉት?» አሉ አቶ ተካ። «በእግር የሚዳኝ ውሃ ይባክናል። መጀመሪያ የሚደርቀው የእርስዎ ነው እኮ!»

«እሱን ለእኔ ተውልኝ። ተዉት ብዬም አላዝም። ከዚህ ሰው እጅ ተራዬን እቀበላለሁ የሚል ይቀመጥ፤ አልችልም የሚል ይነሳ። አንድ ሰው እንኳ ከተነሳ ግን ውሃው በእኔ እግር ይሄዳል።»

የተሰደበው ወገን አንድ በአንድ ተነሳ። ሌላው ወገን መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ አቶ ተካ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያጉረመረሙ ተነሱ። «ትክክል ናቸው ብዬ አይደለም» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «እነሱ ቆመው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?» የእሳቸውን መነሳት አይቶ የቀረውም ተነሳ።

በጣም ተናድጄ ነበር። አቶ ተካ ያሉትም ደረሰ። መዝጊያ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ሳይዘጋ ይረሳል፣ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል። እትዬ ዘሐራ በዚያ ሙቀት ጥላቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ፤ ያረጁ ሰው ናቸውና ሁሉም ቦታ በጊዜ አይደርሱም። ተራም የተሳሳቱበት ቀን አለ። ጠብ ግን አልነበረም። ሰው ሲበደል የሚሰድበው አላጣም፤ እትዬ ዘሐራ ፊት ለፊቱ ቆመው ይሰደቡለታል፣ ይመልሱለታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወንዙ ሲቀንስ ግን ውሃው የእሳቸው ማሳ ሳይደርስ መቅረት ጀመረ።

አቶ ተካ «የእኔን ተራ ይውሰዱ» ብለው ለመኗቸው።

«የዳኛ ማሳ ስጦታ ጠጣ ከተባለ ነገ ማንን እዳኛለሁ?» ብለው እንቢ አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እልህ ነው!» አልኳቸው።

«እልህም አለበት» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ ወይ ብትሉኝ እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ አልመልስም። ወደ ጀውሃ በኩል ያለው ቦይ ፈረቃን አልተወም ነበር። ቪዲዮውን አይተው «እኛን አላለ» አሉ፤ ሽንኩርታቸውም ያማረ ነበር። እኔ ያንን እያየሁ አንጀቴ ያርር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለእኛ ቦይ ሌላ ፕሮግራም አገኘሁ፤ የውሃ ተጠቃሚዎቹ ማኅበር ቢሮ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ እንደ ፈረቃም ያልረቀቀ። የሠራውን ሰው አናውቀውም፤ ምን እንደሚያስብም አልጠየቅንም። እትዬ ዘሐራ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ተፋቷል?» አሉኝ። «ተፋቷል» አልኳቸው። «እንግዲያስ ጫነው» አሉ። አሁን ቢሮዬ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ስጠይቀው ግራ ይገባዋል።

ግን የማልረሳው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው፤ ያ በጋ ሊያልቅ ሲል፣ እሳቸው የደረቀውን ሽንኩርታቸውን ሊነቅሉ የወጡ ዕለት። ማሳው ዳር ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የፈረቃው ባለቤት ነው።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው የተዋችሁት? አንድ ቀን ተራ አጉድዬባችሁ አውቃለሁ?» አለኝ። ድምፁ የተከፋ ሰው ድምፅ ነበር።

«እሳቸውን አነጋግር» ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁና ስልኩን ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? እናትህ ደህና ናቸው?» አሉት።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ፣ እኔ እኮ ሰው አላበላለጥኩም። ፕሮግራሙ ማን ምን እንደሆነ አያውቅም፤ የማሳውን ስፋት ብቻ ነው የሚያየው።»

«አውቃለሁ። ሥራህ ሸጋ ነው። እግሬን አሳርፈህልኝ መርቄሃለሁ።»

«ያ የተናገርኩት ፖለቲካ ነው። እርስዎን አላልኩም።»

ሳቁ። «እኔን አላልክም» አሉት። «ግን እኔ ነኝ።»

ልጁ «እሺ፣ ይቅርታ ብዬ ሌላ ቪዲዮ ብለቅ ትመለሳላችሁ?» አለ።

«እንዲህ ያለ ነገር ለገበያ አይባልም፣ ልጄ። ልብህ ሲልህ በለው። የፈለግኸውን ማሰብ ያንተ ነው፤ እኔ አልከለክልህም። ያንን ስታስብ ብቻ እኔ በእጅህ ውስጥ አልሁን።»

ስልኩን መለሱልኝ። «አላቋረጠኝም። አሳዳጊ አለው» አሉና ወደ ማሳው ገቡ።

ልጁ አልዘጋውም። «ምን ያህል ደረቀባቸው?» አለኝ።

«የማሳቸው ስፋት አንተ ዘንድ የለም? እየው!» አልኩት ተናድጄ።

የሆነ ነገር ሲነካካ ይሰማኛል። «አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ዘሐራ... ከሁሉም መጨረሻ ናቸው።» ከዚያ «ላጥፋው?» አለኝ።

ይህን የምመልሰው እኔ አይደለሁም። «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ስምዎን ላጥፋው ወይ ይላል!»

«የሁላችንንም ያጥፋ!» አሉ ቀና ሳይሉ።

ሰምቷል። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«ጠፍቷል» አለ በመጨረሻ። እንደዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

«ጠፍቷል ይላል!» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። በል ያንን ስልክ ኪስህ ክተትና ና፣ ሽንኩርት ንቀል።»

ገብቼ መንቀል ጀመርኩ። ደርቆ የተሰነጠቀው መሬት ጣቴን ይልጠኛል። የሚወጣው ሽንኩርት የነጭ ሽንኩርት ራስ እንኳ አያክልም። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም። እሳቸው ከመስመሩ ማዶ ቀና ብለው እጄ ላይ ያለውን አዩ።

«ምን ያፈዝሃል?» አሉኝ። «ለወጥ ይሆናል።»